የባትሪ ምልክት ደብዝዞ ይበራል፤ ዲናሞ ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ሰማያዊ_ቪትዝ፦
ሰላም ለመድረኩ። መኪናው ቪትዝ፣ ቤንዚን፣ 1300 ሲሲ ነው። ማታ የፊት መብራት በርቶ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ሲቆም ቀዩ የባትሪ ምልክት በጣም ደብዝዞ ይበራል፤ ቀን በፀሐይ አይታይም። ነዳጅ ሲሰጠው ይጠፋል። ቆሞ መሪ ሲጠመዘዝ ደግሞ የመሪው ምልክት አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ባትሪው ገና ሦስት ወሩ ነው። በቴስተር ባትሪው ላይ የተገኘው፦ ጠዋት ሳይነሣ 12.2፣ በሚኒሞ ያለ ጭነት 13.3፣ መብራትና ማራገቢያ ሲበሩ 12.6 ቮልት። ጋራዡ "ዲናሞው አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር" ይላል። ከመግዛቴ በፊት ምን ልለካ?

ጠምጣሚው፦
ቁጥሮቹን ስለጻፍክ ተባረክ፤ ብዙ ሰው "በራ" ብሎ ብቻ ነው የሚመጣው።

በመጀመሪያ ስለ ምልክቱ። የባትሪ ሥዕል ስላለበት ሰው ሁሉ ባትሪ ሊገዛ ይሮጣል። መብራቱ ግን ባትሪው ምን ያህል እንደያዘ አያውቅም፤ የሚያውቀው ዲናሞው ያመነጫል ወይስ አያመነጭም የሚለውን ነው። በአሮጌዎቹ መኪኖች፣ ዲ ፕላስ የሚባለው ጫፍ ባላቸው፣ አምፖሉ አንድ እግሩ ከቁልፉ፣ ሌላው ከዲናሞው ነው። ቁልፍ ከፍተህ ሞተር ሳይነሣ የዲናሞው ጫፍ ወደ ማሳ (ወደ ማይነሱ ወገን) ስለሚወርድ ይበራል። ሞተር ተነሥቶ ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር በሁለቱም እግሮቹ እኩል ቮልት ይቆማል፤ ልዩነት የለም፣ ስለዚህ ይጠፋል። የእነዚህ ደብዛዛ ብርሃን ትርጉሙ "ሁለቱ ወገኖች በጥቂት ቮልት ተለያይተዋል" ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ ዲናሞው ጋ ሳይሆን በቁልፉ በኩል ያለ የተቃጠለ ኮንታክት ነው።

ያንተ ግን እንደዚያ አይደለም። በነዚህ ቶዮታዎች ዲናሞው ላይ ሦስት እግር ያለው ሶኬት አለ፦ አይጂ ከቁልፉ የሚመጣ፣ ኤስ የባትሪውን ቮልት የሚያነብ፣ ኤል ወደ ምልክቱ የሚሄድ። ወፍራሙ ቢ ለብቻው በዳዶ ይታሰራል። ምልክቱን የሚያበራና የሚያጠፋው ውስጥ ያለው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ራሱ ነው፣ እየወሰነ። ስለዚህ ደብዝዞ መታየቱ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ነው፤ ዓይን ደብዛዛ አድርጎ ያየዋል። ሬጉሌተሩ ከጥቅሉ የሚደርሰው ምልክት ተቆራርጦበታል ማለት ነው። ዳዮድ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ወይም ካርቦን (የሚዞሩትን ቀለበቶች እየነካ ጅረት የሚያሳልፈው) እጠረጥራለሁ፤ ግን መጠርጠር መለካት አይደለም።

አንድ ነገር ቀድመህ እይ፦ ኮፈን ስር ባለው ፊውዝ ሳጥን ውስጥ ኤ ኤል ቲ ኤስ የሚል 7.5 አምፔር ፊውዝ ካለ አውጥተህ ተመልከት። እሱ ከተቃጠለ ዲናሞው ደህና እያመነጨም ምልክቱ ሊበራ ይችላል። ለአንድ ትንሽ ፊውዝ ሙሉ ዲናሞ የተቀየረበት ሞልቷል።

ቴስተር_በኪስ፦
በዚያ ላይ ልጨምር። የቴስተር ሥራው እንዲህ ነው፣ ሞተር እየሠራ ስለሆነ ክራቫትና ነጠላ ከቺንጊያው (ዲናሞውን ከሚያዞረው ቀበቶ) አርቅ።

ቴስተሩን ዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርግ። የፊት መብራት፣ ማራገቢያው በከፍተኛ፣ የኋላ መስተዋት ማሞቂያ ይብሩ። አንድ ሰው ነዳጅ ሰጥቶ 2000 ዙር ላይ ይያዝልህ። ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ደህና። ከ13 በታች ከሆነ አያሟላም። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ልጓም ፈትቷል፤ ባትሪው ይፈላል፣ አምፖሎች ይቃጠላሉ። ይህኛው ብልሽት ደግሞ ምልክት ሳያበራም ሊመጣ ይችላል፤ የባትሪ ውኃ ቶሎ መጉደልና የእንቁላል ሽታ ነው የሚነግርህ።

ቀጥሎ ዲናሞውን ከመክሰስ በፊት ገመዱን ክሰስ። በዚያው ጭነትና ዙር አንዱን የቴስተር ጫፍ ዲናሞው ቢ ዳዶ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፕላስ ምሰሶ ላይ (መያዣው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ)። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ገመዱ፣ ዋናው ፊውዝ ወይም እስሩ በልቷል። ከዚያ ከዲናሞው ገላ ወደ ባትሪው ማይነስ ምሰሶ፦ ከ0.2 መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ከሞተር ወደ ሻሲ የሚሄደው የማሳ ገመድ ነው፤ ሞተር የወረደበት መኪና ላይ ሳይመለስ የሚረሳው እሱ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ጋራዥ የማያደርገው። ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይረህ ባትሪው ላይ አድርግ፣ ጭነቱ እንደበራ። ዲናሞ በውስጡ የሚያመነጨው ኤሲ ነው፣ ዳዮዶቹ ናቸው ወደ ዲሲ የሚቀይሩት። ጤነኛ ከሆነ 0.1 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች። ከ0.5 በላይ ካየህ ዳዮድ ሞቷል። ርካሽ ቴስተሮች አንዳንዶቹ በኤሲ ላይ ዲሲውንም ደባልቀው 26 ወይም 28 የሚል ቁጥር ያወጣሉ፤ እንደዚያ ካሳየህ ሌላ ቴስተር ተዋስ።

አዳማ_ዶልፊን፦
የናፍጣ መኪና ያላችሁም ስለምታነቡ ይህን ክር ሳልጽፍበት አላልፍም። በዶልፊን፣ በአሮጌው ሃይሉክስና በላንድክሩዘር የባትሪው ምልክት ብቻውን አይመጣም። ከሱ ጋር የእጅ ፍሬኑ ምልክትና የናፍጣ ማጣሪያው ውኃ ምልክት አብረው፣ ሁሉም ደብዝዘው ይበራሉ። ሹፌሩ የፍሬን ዘይት ይጨምራል፣ ማጣሪያ ይቀይራል፣ መብራቶቹ እንዳሉ ናቸው። ምክንያቱ ቁልፍ ሲከፈት "አምፖሎቹ ይሠራሉ ወይ" ተብሎ የሚፈተኑት በዚያው በኤል ሽቦ በኩል ስለሆነ ነው። ዲናሞው ማመንጨት ሲተው ኤል ወደ ማሳ ይወርዳል፣ መኪናው ሞተር ያልተነሣ ይመስለዋል፣ ፈተናውን ይደግማል። ሦስቱ አብረው ሲበሩ መጀመሪያ የዲናሞውን ካርቦን እዩ።

ልዩ_ጎማ፦
@አዳማ_ዶልፊን ልክ ነህ ጌታው፣ ግን ትልቁን ነገር ዘለልከው። ከነዚህ ናፍጣዎች በብዙዎቹ (ሁለት ኤል፣ ሦስት ኤል፣ አምስት ኤል በሚባሉት ሞተሮች) ፍሬኑን የሚያለሰልሰው የቫኪዩም ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የተጫነው። ቺንጊያ ከተበጠሰ ቻርጅም ፍሬንም አብረው ይሄዳሉ። ዓባይ በረሃን ወይም ጣርማበርን እየወረደ ያለ ሰው የባትሪ ምልክት በርቶበት "የሚቀጥለው ከተማ ደርሼ አሳየዋለሁ" ቢል አደጋ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ምልክቱ እንደበራ ፍሬኑን በቀስታ ንካው። እንደ ወትሮው ለስላሳ ከሆነ ዲናሞው እየዞረ ነው፣ ችግሩ የኤሌክትሪክ ብቻ ነው። በሁለተኛው በሦስተኛው መርገጥ ድንጋይ ከሆነ ቺንጊያው የለም። ያኔ ፍሬኑን አታርገፍግፈው፤ ቋቱ ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ለጥቂት መርገጥ ብቻ ነው የሚበቃው። ማርሽ ቀንስ፣ በሞተር ያዘው፣ አንዴ ረግጠህ አጥብቀህ ቁም።

አዳማ_ዶልፊን፦
እውነት ነው፣ ያንን ቀድሜ ማለት ነበረብኝ። ስለዚያ ፓምፕ አንድ ተጨማሪ፦ የሚቀባው በሞተር ዘይት ነው። የዘንጉ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ውስጥ ይገባል፣ ካርቦኑን ይለስናል፣ ከካርቦኑ አቧራ ጋር ጭቃ ይሆናል። ካርቦን ቀይረው ጎሚኒውን የተዉ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ይመለሳሉ። ዲናሞው ከወረደ አይቀር ሁለቱም።

ሄዋን_አውቶ፦
ወደ ቤንዚኑ ልመልሳችሁ፤ ቪትዝና ያሪስ ላይ ምልክቶቹ የሚመጡበት ቅደም ተከተል አለ። ቮልት ሲወርድ መጀመሪያ የሚያለቅሰው ብዙ የሚበላው ነው፤ እሱም የኤሌክትሪክ መሪው። ቆሞ መሪ ሲጠመዘዝ ከ30 አምፔር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቮልቱ ሲወድቅ መቆጣጠሪያው ራሱን ያጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ምልክቱ ይበራል። የሚነዳው ሰው "የመሪ ሞተር ተቃጠለ" ይባልና ለሌላ ትልቅ ወጪ ይዳረጋል። ከዚያ ኤቢኤስ ይከተላል። የኤርባግ ምልክትም በቶዮታ ቮልት ሲያንስ ይበራና ቮልቱ ሲመለስ ራሱ ይጠፋል፣ ኮድም አይተውም። ኤርባግ በርቶ ጠፍቶ ኮድ ካልተገኘ ወደ ኤርባጉ ሳይሆን ወደ ባትሪና ዲናሞ ሂዱ።

የቼክ ኢንጅን ምልክት ከበራ በማንበቢያ ፒ 0562 የሚል ኮድ ካለ ትርጉሙ "የሲስተሙ ቮልት ዝቅተኛ" ነው። በዚያው ጊዜ ሌሎች አምስትና ስድስት ኮዶች አብረው ሊወጡ ይችላሉ፣ ከማርሽም ከሴንሰርም። እነዚያን እያሳደዳችሁ ዕቃ አትግዙ። መጀመሪያ ቮልቱን አስተካክሉ፣ ኮዶቹን አጥፉ፣ ነድታችሁ የተመለሰውን ብቻ ተመልከቱ።

ሌላው፣ የባትሪ ምልክትና የሙቀት መርፌ አብረው ከወጡ ቺንጊያ ነው። ብዙ ሞተር ላይ ያው ቺንጊያ የውኃ ፓምፑንም ያዞራል። ያ ሲሆን "ጥቂት ልሂድ" የሚባል የለም፣ ወዲያው ጠርዝ ይዞ ማጥፋት ነው፤ ጋስኬት ከበላ የዲናሞው ዋጋ ይረሳል።

በክረምት ደግሞ ጎርፍ ውስጥ ሲታለፍ ቺንጊያው ረጥቦ ሲንሸራተት ለጥቂት ሴኮንድ ምልክቱ ይበራል፣ ይጮሃል፣ ሲደርቅ ይጠፋል። ውጥረቱን እዩ፦ በሁለት ፑሌጃ መሀል ረጅሙ ቦታ ላይ በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን 10 ሚሊ ሜትር ያህል መስጠት ነው። ከላላ ይንሸራተታል፣ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። ራሱን የሚወጥር ካለው ይህ አይመለከተውም።

የድሮ_ላዳ፦
ይህ ሁሉ ቴስተር ለምን? ሞተር እየሠራ የባትሪውን ማይነስ ንቀል። ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው ሞቷል፣ ካልጠፋ ደህና ነው። ድሮ እንዲህ ነበር የሚታየው።

ጠምጣሚው፦
ጋሼ፣ በላዳ ዘመን ያስኬድ ነበር፤ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ስላልነበረው። አሁን ይህን ሙከራ ማንም እንዳይሞክረው ብለን በየክሩ መጻፍ አለብን። ባትሪው እንደ ትራስ ነው፣ የዲናሞውን ድንገተኛ ግፊት የሚውጠው እሱ ነው። ዲናሞው ብዙ አምፔር እየሰጠ ሳለ ባትሪው ከተነቀለ ሬጉሌተሩ እስኪደርስበት ድረስ ቮልቱ ለአፍታ ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል። ሬጉሌተሩን፣ ዳዮዱን፣ ሬዲዮውን፣ ከከፋም የሞተሩን ኮምፒዩተር ይዞ ይሄዳል። በዚያ ላይ ፈተናው ራሱ ይዋሻል፦ አንድ ዳዮዱ የሞተ ዲናሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ያቆየዋል፣ "ደህና ነው" ተብሎ ይሸኛል።

በገመድ ከሌላ መኪና ሲነሣም ተመሳሳይ ነው። ከመንቀል በፊት ማራገቢያና የኋላ ማሞቂያ አብሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ንቀሉ።

የድሮ_ላዳ፦
እሺ፣ ተቀብያለሁ። ግን እኔም አንድ ላስተምር። በአሮጌዎቹ የምልክቱ አምፖል ጌጥ አይደለም፤ ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው ጅረት በሱ በኩል ነው የሚያልፈው። አምፖሉ ከተቃጠለ ዲናሞው በሚኒሞ አይነቃም፣ ሞተሩ ጮኽ ሲል ብቻ ይነሣል። ዛሬ ልጆች ዳሽቦርዱን በኤልኢዲ እያስቀየሩ "ጠዋት ቻርጅ አያደርግም" ይላሉ። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ጅረት አይበቃውማ። ለዚያች አንዲት ቦታ የድሮውን አምፖል መልሱ። ስለዚህ ቁልፍ ሲከፈት ያልበራ የባትሪ ምልክት በርቶ ከቀረው እኩል ያሳስባል።

ጠምጣሚው፦
ይህቺ ወርቅ ናት ጋሼ። ያ ነገር ዲ ፕላስ ላይ ነው የሚሠራው፤ አይጂ እግር ያለው ላይ ያን ያህል አይጎዳም።

ቦሌ_ቡልቡላ፦
ምልክቱ መንገድ ላይ ሙሉ ለሙሉ ቢበራ ስንት ኪሎ ሜትር ይወስዳል? ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ ይደርሳል?

ቴስተር_በኪስ፦
በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት አስላው። ቤንዚን ኢንጀክሽን ሞተር ለነዳጅ ፓምፕ፣ ለካንዴላና ለኮምፒዩተር ብቻ ከ10 እስከ 15 አምፔር ይበላል። የራዲያተሩ ማራገቢያ ሲነሣ ሌላ 10 ያህል። ሁለት 55 ዋት የፊት መብራት 9 አምፔር ናቸው። ከ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ መጠቀም የምትችለው ደግሞ ግማሹን ብታገኝ ነው፣ ከዚያ በታች ቮልቱ ወርዶ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ስለዚህ ቀን፣ አዲስ ባትሪ፣ ኤሲና ሬዲዮ ጠፍቶ፦ አንድ ሰዓት ገደማ። ማታ በዝናብ፦ ግማሽ ሰዓት ላይሞላ ይችላል። በአሮጌ ባትሪ ምንም ቃል አልገባም። ሞተሩን አታጥፋው፤ ሞተሪኖው ለአንድ ማስነሻ የሚወስደው ከ100 አምፔር ይበልጣል።

የድሮው ናፍጣ በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ናፍጣ መዝጊያዋ አንዲት ሶሌኖይድ ብቻ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ፍሬኑን ግን ልዩ_ጎማ ያለውን አትርሳ።

ሄዋን_አውቶ፦
የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ "እኛ ዲናሞ የለንም" ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ጥያቄው እየበዛ ነው። እነሱም ላይ ትንሽዋ 12 ቮልት ባትሪ አለች፤ የሚሞላት ከትልቁ ባትሪ የሚያወርደው ዲሲ ዲሲ የሚባለው መቀየሪያ ነው። ያው ቀይ የባትሪ ምልክት እዚያ ላይ ሲበራ የሚከሰሰው እሱ ነው። ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ሞልቶም መኪናው "ዝግጁ" ላይል ይችላል። የሚለካው በዚያው መንገድ ነው፦ መኪናው በርቶ በ12 ቮልቷ ላይ ከ13 በላይ መሆን አለበት። ብርቱካናማዎቹን ገመዶች ግን ማንም አይንካ።

ሰማያዊ_ቪትዝ፦
ለካሁ። 7.5ቱ ፊውዝ ደህና ነው። ጭነት በርቶ በ2000 ዙር ባትሪው ላይ 13.1። ከቢ ወደ ባትሪ ፕላስ 0.12። ከገላው ወደ ማይነስ 0.05። ኤሲ ላይ 1.3 ቮልት። በተጨማሪ ማታ ከቆመ ከሦስት ሰዓት በኋላ ዲናሞውን በእጅ ስነካው ለብ ብሏል፣ ሞተሩ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ቴስተር_በኪስ፦
1.3 ኤሲ ዳዮድ ነው። ለብ ማለቱም ያንኑ ነው የሚለው፤ ባትሪህ ሌሊቱን በዳዮዱ በኩል ወደ ኋላ እየፈሰሰ ነው፣ ጠዋት 12.2 የምታነበው ለዚህ ነው። ጨርሶ ለማረጋገጥ፦ ቁልፍ ወጥቶ፣ በሮች ተዘግተው፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ በማይነስ ምሰሶና በተነቀለው ገመድ መሀል አስገባው፤ 20 ደቂቃ ጠብቅ። ከ0.05 አምፔር በላይ መሆን የለበትም። ከበለጠ ማይነሱን ነቅለህ የቢን ሽቦ ከዲናሞው ፍታ፣ ጫፏን በፕላስተር ጠቅልል፣ እንደገና ለካ። አምፔር ላይ ሆኖ ሞተር አታስነሣ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ሰማያዊ_ቪትዝ፦
0.38 ነበር። ቢ ሲፈታ 0.03።

ጠምጣሚው፦
አለቀ። ሙሉ ዲናሞ አትግዛ። የዳዮዱ ሰሌዳ ብቻውን ይቀየራል። ጠምጣሚ (ዲናሞ የሚጠግን ባለሙያ) ጋ ስትወስደው ግን በዚያው እነዚህን አስለካ፦ የካርቦኑ ወጥቶ የሚታየው ርዝመት (በዴንሶዎቹ አዲሱ 10.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ 1.5 ከደረሰ አልቋል፤ 4 ወይም 5 ላይ ካለም አብሮ ይቀየር፣ ዋጋው ኢምንት ነው)፣ ካርቦኑ የሚሄድበት የመዳብ ቀለበት ጎድጉዶ እንደሆነ፣ የሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ጥቅል በሁለቱ ቀለበቶች መሀል ከ2 እስከ 3 ኦም፣ ከቀለበት ወደ ዘንጉ ደግሞ ምንም እንዳያነብ። ሁለቱን ኩሽኔታዎች በእጅ አዙር፤ አሸዋ ያለ ከመሰለ ቀይር።

ስታወርደው መጀመሪያ የባትሪው ማይነስ በ10 መፍቻ። ይህን የዘለለ ሰው መፍቻው ከቢ ዳዶ ወደ ሞተሩ ገላ ሲነካ ብየዳ ያያል። ስትመልሰው የቢን ዳዶ በደንብ እሰር፣ ግን አታብዛ፣ ምስማሩ ቀጭን ነው፣ ይበጠሳል። የጎማ ክዳኑን መልስ።

ልዩ_ጎማ፦
ሰሌዳው ካልተገኘና ከሶማሌ ተራ (ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ) ያገለገለ ዲናሞ መግዛት ከሆነ መውጫው፣ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ሶኬቱ ሦስት እግር መሆኑን፣ የፑሌጃውን ጥርስ ቁጥር፣ የመያዣውን ጆሮ፣ ገላው ላይ የተጻፈውን አምፔር አስተያይ። በ100 ፈንታ 70 ከሰጡህ ያለ ጭነት 14 ያሳይሃል፣ ማታ ማራገቢያና መሪ ሲደራረቡ ተመልሰህ እዚህ ክር ላይ ነህ። ከመክፈልህ በፊት ማሽን ላይ አስዞረው፣ ኤሲውንም አስለካ።

ሰማያዊ_ቪትዝ፦
ሰሌዳውን አዝዣለሁ፣ ካርቦኑም አብሮ ይቀየራል። ከገባ በኋላ ባትሪውን በቻርጀር ልሙላው ወይስ ዲናሞው ራሱ ይሞላዋል?

ቴስተር_በኪስ፦
በቻርጀር፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በ4 ወይም 5 አምፔር። ዲናሞ የሞላውን ጠብቆ ለማቆየት ነው የተሠራው፤ የደከመ ባትሪ ሰጥተኸው በአዲስ ዳዮድ ከተማ ውስጥ በሚኒሞ ብታቆመው ያለማቋረጥ በሙሉ አቅሙ ይገፋል፣ ይግላል። ጠዋት ተነቅሎ ከሁለት ሰዓት በኋላ 12.6 ካነበበ ባትሪው ተርፏል።